አንድ መጋረጃ፣ ሦስት ባለሙያ

ለሦስት ሳምንት እረፍት አገር ቤት ገብቼ አምስቱን ቀን የበላብኝ የመኪና መጋረጃ ነው። የመስኮቱን ማለቴ አይደለም። የእህቴ ባል ያዋሰኝ መኪና እስቴት ነው፤ ጀርባው ረዘም ብሎ ዕቃ የሚይዝ። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ የተጠቀለለ ጥቁር ሸራ አለው፤ ሲሳብ የተጫነውን ዕቃ ከዓይን ይሸፍናል። የዚህኛው ልዩነት በሞተር መሥራቱ ነው። የኋላው በር ሲከፈት ሸራው በግራና በቀኝ ምሰሶ ላይ ባሉት ሀዲዶች ሽቅብ ይወጣል፣ በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ይወርዳል። እስኪበላሽ ድረስ ደስ ይላል።

በመጣሁ በማግስቱ የቀሩትን ሻንጣዎች ላወርድ በሩን ስከፍት ቀኙ ወጣ፣ ግራው ቀረ። ሸራው አንድ ትከሻው እንደወረደ ሰው ተንጋዶ ቆመ። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ አቃሰተና ዝም አለ። ማዘዣውን ብጫነው፣ በሩን ብዘጋ ብከፍተው፣ ወይ ፍንክች! መሀል መንገድ ላይ የቀረ ሸራ ደግሞ የኋላ መስታወቱን ስለሚጋርድ በመሀለኛው ስፖኪዮ የሚታይ ነገር የለም። የሰው መኪና ነው፣ እንዲሁ አይመለስም። እናም ሦስት ቦታ ዞርኩ። እንደ እኔ ለአጭር ጊዜ መጥቶ የተዋሰው መኪና የተበላሸበት ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮምፒውተር ያለው ትልቅ ጋራዥ ነው። አቀባበላቸው እንከን የለውም፤ የመኪናውን ጭረት ሁሉ መዝግበው አስፈረሙኝ። ከዚያ ግማሽ ቀን አስቀመጡኝ። ውጤቱ አንድ ወረቀት ነው፦ «የመሸፈኛው ሞተር ታግዷል፣ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ስቧል።» መፍትሔው ደግሞ ሸራውንም ሞተሩንም ሀዲዱንም አንድ ላይ መቀየር፤ ዕቃው ከውጭ ታዝዞ የሚመጣ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የምሄድ። «ሀዲዱን አይታችሁታል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ኮምፒውተሩ ያሳያል እኮ ጌታዬ» አለኝ ልጁ። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ሞተሩ መታገዱን ነው፤ ምን እንዳገደው አይነግርም። ወረቀቱን ግን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት፤ በኋላ ጠቅሞኛል።

ሁለተኛው፣ ስልክ ሲደወልለት ቤት ድረስ የሚመጣ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። አጀማመሩን ወድጄለታለሁ። ፊውዙን አውጥቶ በቴስተር ለካ፣ ደህና ነው። ከዚያ ባትሪውን ለካ፦ 11.9 ቮልት። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ያረፈ፣ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት። መኪናው እኔ እስክመጣ ብዙ ጊዜ ቆሞ ነበር። «ወንድሜ፣ ባትሪው ሲደክም የመኪናው ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚያጠፋው እንዲህ ያለውን ቅንጦት ነው፤ ሞተር ማስነሻውን ለማትረፍ» አለኝ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች እውነት ነው። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርገን ጠዋት ስንሞክር መሸፈኛው በእርግጥ ነፍስ ዘራ። ቀኙ ተንቀሳቀሰ፣ ግራው አሁንም የለም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አምስት ከአምስት እሰጠው ነበር። አላቆመም። ሀዲዱ ደርቆ ነው ብሎ ግራሶ በጣቱ ዛቀና ሁለቱንም ሀዲድ ለቀለቀው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን በእጅ ገፋነው። ቀጭን ድምፅ ሰማን፤ ቀጭ! እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ስለነበር ጥፋቱን ለእሱ ብቻ አልሰጠውም። ግን ሙያው የእሱ ነው፣ «ተው» ማለት የነበረበት እሱ ነው። ግራሶ ደግሞ እንዲህ ባለ ጠባብ የፕላስቲክ ሀዲድ ላይ አይቀባም፤ አቧራ ይሰበስብና ሊጥ ይሆናል። ማለስለስ ካስፈለገ ትንሽ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ እሱም ሀዲዱ ከጸዳ በኋላ።

ሦስተኛው ጋር የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ታፒሴሪያ ቤት ናቸው፤ ሥራቸው የወንበር ልብስና ኮርኒስ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ሽማግሌው ሸራውን አልነኩም። «መጨረሻ የጫንክበት ዕቃ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሻንጣ አልኳቸው። «እስከየት?» እጄን አንስቼ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከሸራው በላይ ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃ ሸራውን ከሥር እየገፋ ያንጋድደዋል፤ ጫፎቹን ሀዲዱ ላይ የያዙት ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ እግሮች ይጨነቃሉ።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው ቁጭ አሉ። ምን እንጠብቃለን ስላቸው የምሰሶውን ሽፋን ጫፍ አሳዩኝ፤ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ከጣሪያው ጠርዝ ጋር የሚሄደው፣ በግጭት ጊዜ በጎን መስኮቶቹ ላይ የሚወርደው ኤርባግ እዚያ ድረስ ይደርሳል፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪበርድ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል። ሽፋኑን ሲያነሱም ካቻቢቴ አልተጠቀሙም፤ በቀጭን የፕላስቲክ ማንሻ ከአንዱ ጥግ ጀምረው ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ አላቀቁ። እኔ ብሆን ግማሹን እሰብር ነበር።

ግራሶውን በጨርቅ ሲጠርጉ፣ ከግራው ሀዲድ ሥር በወረንጦ ተጎትታ የወጣች ነገር አለች። በግራሶ የጠቆረች፣ በሁለት የታጠፈች ትንሽ ወረቀት። ፈታ አድርገው ለብርሃን ሲይዟት መስመሮቿ ታዩ፤ አየር መንገዱ ሻንጣዬ ጎን ላይ የሚለጥፋት የባርኮድ ቁራጭ! ሻንጣው ሲፋተግ ተላጣ፣ በማጣበቂያዋ ሀዲዱ ውስጥ ተቀምጣ፣ እግሩን አስቀርታዋለች። ያ ሁሉ ወረቀትና ግራሶ የኔኑ ወረቀት ፍለጋ ነበር።

የተሰነጠቀውን እግር፣ የእኛን የጉልበት ውጤት ማለት ነው፣ በመርፌ ውፍረት በስተው ቀጭን የብረት ሽቦ አስገቡበት፤ በሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚሠራው ማጣበቂያ ሞልተው እስከ ነገ አይነካ አሉ። ሸራው የሚጠቀለልበትን ቱቦ ጫፉ ላይ ልፈታው ስል ግን እጄን ያዙኝ፦ «ልጄ፣ ውስጡ የተጠመጠመ ሞላ አለ፤ ከለቀቀ ጣትህን ነው።» በማግስቱ ሁለቱንም እግሮች እስከ ታች አውርደው እኩል መሆናቸውን በመለኪያ አረጋገጡና መለሱት። ቱቦው ከመኪናው ጋር የሚገናኝባቸውን የኤሌክትሪክ ጫፎችም ጠረጉ።

ባትሪውን አሰርን። መሸፈኛው ዝም። ሽማግሌው «ከዚህ በኋላ ያለው የኔ አይደለም» አሉ፣ አላፈሩበትም። እኔ ኪሴ ያለችውን ወረቀት አውጥቼ ትልቁ ጋራዥ ደወልኩ። ያው ልጅ ነው ያነሳው። ባትሪ ከተፈታ የመኪናው ኮምፒውተር መሸፈኛው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይረሳል አለኝ፤ ማዘዣውን ጫፍ እስኪደርስ ተጭኖ መያዝ፣ ደርሶም ጥቂት ሰከንድ አለመልቀቅ፣ ወደ ታችም እንደዚሁ። አሠራሩ ከመኪና መኪና ስለሚለይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ገጽ እንድፈልግም ነገረኝ። እስክጨርስ ስልኩን አልዘጋም። ሸራው ሁለቱን ትከሻውን እኩል ይዞ ወጣ፣ ወረደ።

ነጥቤ ይኸው፦ ለታፒሴሪያው አምስት። ለትልቁ ጋራዥ ሁለት ልሰጥ ነበር፣ በስልኩ ምክንያት አራት። ለኤሌክትሪሻኑ ሦስት፤ ለባትሪ እጠራዋለሁ፣ ግራሶ የያዘ ዕለት ግን በሩን አልከፍትለትም።

የመሄጃዬ ቀን ሻንጣዎቹን ልጭን በሩን ስከፍት የእህቴ ባል መጣ። ሻንጣዎቹን አየ፣ መሸፈኛውን አየ፣ እኔን አየኝ። ምንም ሳይናገር የቱቦውን ጫፍ ተጭኖ ነቀለና ይዞት ወደ ቤት ገባ። አምስት ቀን የለፋሁበት መጋረጃ ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ እኛ ሻንጣውን እስከ ጣሪያ ጭነን ወጣን።