ዲቲዋን አልሸጥም፦ አዲሱን ሞተር 9 ወር ከነዳሁት በኋላ

የአዲሱ ሞተር ሳይክሌ የነዳጅ ፓምፕ በ9,600 ኪሎ ሜትር ተቃጠለ። ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ እሱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ፍሬኑ፣ መብራቱና መቀመጫው ደህና ናቸው፤ ደህና ስለሆነ ነገር ደግሞ ብዙ የሚጻፍ የለም።

ሞተሩ 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክ የሕንድ ስሪት ነው። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የለውም፤ ነዳጅ የሚሰጠው በግፊት በሚረጨው በኢንጀክተር ሲሆን የሚነሳውም በሞተሪኖ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማስነሻ ነው፤ የእግር መርገጫ የለውም። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ችግር እንዲህ ያለ አሠራር ባለው ሞተር ሁሉ ላይ ሊደርስ ይችላልና። ከጥቅምት እስከ ሰኔ 11,300 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ አብዛኛው ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ፣ ቀሪው ወደ ሮብ ገበያና ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ከጎኑ የምትቆመው ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ በእግር ተረግጣ የምትነሳ። ሻጩ «አሮጌዋን አምጣና ልዩነቱን ጨምረህ ውሰድ» ሲል ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳመነታ ቆየሁ። አሁን ቆርጫለሁ።

በዲቲ ላይ ነዳጅ ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። የሚገፋው ፓምፕ የለም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። በአዲሱ ሞተር ታንኩ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተቀምጦ ነዳጁን ከ2.5 እስከ 3 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት ወደ ኢንጀክተሩ ይልካል። የኢንጀክተሩ ቀዳዳዎች ከሚሊ ሜትር ሩብ ያነሱ ናቸው። ፓምፑ የሚቀዘቅዘውም የሚቀባውም በዙሪያውና በውስጡ በሚያልፈው በዚያው ቤንዚን ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ነዳጁ ከቆሸሸ የፓምፑ አፍ ላይ ያለችው ወንፊት ትደፈናለች፤ ወንፊቷ ስትደፈን ፓምፑ በቂ ቤንዚን ስለማያገኝ እየለፋ ይግላል፤ እየጋለ ሲሠራ ቆይቶ ይቃጠላል።

ፓምፑ ተፈትቶ ሲወጣ ወንፊቷ የክብሪት ሳጥን የምታህል ነበረች። አዲስ ስትሆን ነጭ ናት። ይህችኛዋ እንደ ጠላ አተላ በወፈረ ቡናማ ዝቃጭ ተለብጣለች፤ በጥፍር ሲፋቅ ሥሩ የዝገት ደቃቅ አለ፤ ጣት ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። የታንኩ ወለል ላይም አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሞላ ውኃ ተጠራቅሟል። ይህ ሁሉ በዘጠኝ ወር ውስጥ ነው።

ከየት መጣ? ከቤንዚኑ ነው። ማደያው ያለው አስፋልቱ ዳር ነው፤ እዚያም ቢሆን ቤንዚን የሚጠፋበት ሳምንት ብዙ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ደግሞ የሚገኘው በጀሪካንና በሃይላንድ ብቻ ነው። ያ ነዳጅ እኛ ጋ እስኪደርስ ከበርሜል ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ እየተገለበጠ ነው። በርሜሉ ይዝጋል፤ ጀሪካኑ ትናንት ዘይት የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዲበዛለት ላምባ ይጨምርበታል።

ሻጩ በዚህ ጊዜ የሚለውን አውቃለሁ፦ «ያበላሸው ነዳጁ ነው እንጂ ፓምፑ ጤነኛ ነበር፤ ዋስትናው ደግሞ የተበላሸ ነዳጅን አይሸፍንም።» እውነት ነው፤ ነዳጁ ነው። ግን ወንድሜ፣ ይህን ሞተር የሸጥኸው ለየትኛው አገር ነዳጅ ነው? ገዢው ቢቸና እንደሚሄድ፣ ሞጣ እንደሚያድር፣ ቤንዚን ከመንደር ሱቅ እንደሚገዛ አንተም ታውቃለህ። በሊትር ስንት እንደሚሄድ ደጋግመህ ተናግረሃል፤ ወንፊቷ ብቻዋን እንደማትሸጥ፣ ከነፓምፑና ከነዳጅ መለኪያው አንድ ላይ ካልሆነ እንደማትገኝ ግን አልተናገርህም። ዕቃው እስኪመጣ 16 ቀን ሞተሩ ቆሟል። በእነዚያ 16 ቀናት ሥራ ያልቆመው በዲቲዋ ነው።

ፓምፑ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ምልክት ይሰጣል። መጀመሪያ የታየው በ7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነዳጅ ሲጨመርለት ለአፍታ ይይዘዋል፣ ከዚያ ይለቅቀዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ይቀይራል፤ ካንዴላው ግን ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ጠዋት በአንድ ጊዜ መነሳት ይተዋል። በመጨረሻ ታንኩ ከሩብ በታች ሲወርድና ቀኑ ሲሞቅ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ አሥር ደቂቃ አርፎ ይነሳል። ሲበርድ ከተነሳ ጥርጣሬው ፓምፑ ላይ ይሁን።

ማጣራቱ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» ብሎ ዝም ማለት አለበት። ድምፁ ከጠፋ መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ፤ ከዚያ ባትሪው በቴስተር ይለካ። ሞተሩ ሳይነሳ 12.4 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ጥፋቱ የባትሪው ሊሆን ይችላል። ድምፁ ካለ ግን ከቀድሞው ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወንፊቷ ተደፍናለች። የነዳጁን ቱቦ ለመንቀል ሞተሩ መብረድ አለበት፤ ቱቦው ውስጥ ግፊት ስለሚቀር ጨርቅ ሳይጠቀለልበት ከተነቀለ ቤንዚን ፊት ላይ ይረጫል።

አንድ ስሕተት ደግሞ በየጋራዡ ይሠራል፤ ለካርቡራተር የተሠራችውን ያችን ርካሽ የላስቲክ ፊልትሮ በዚህ ሞተር ቱቦ ላይ መቀጠል። አይደረግም! እሷ የተሠራችው በራሱ ክብደት ለሚወርድ ነዳጅ ነው። በ3 አትሞስፌር ከፈነዳች ቤንዚኑ የሚረጨው በጋለ ሞተር ላይ ነው፤ እሳት ነው። ማጣራት የሚቻለው ታንኩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲሱን ሞተር የያዘ ሰው ቤንዚኑን እንዲህ ያድርግ። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥብ፤ ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ደርቆ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት ቅባት እንደነካው ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ይተዋል። ላምባ ያለበት ከሆነ አይገዛ፤ ላምባ በማጣራት አይወጣም። የተገዛው በሚያሳይ ዕቃ ተደርጎ ሳይነካ ይደር፤ ውኃውና ደለሉ ከታች ይቀመጣል። ጠዋት ሲገለበጥ የመጨረሻው ሁለት ጣት ዕቃው ውስጥ ይቅር። ማጥለያው በሁለት የተደረበ ናይለን ጨርቅ ይሁን፤ ነጠላና ሻሽ አይሆኑም፣ ክር ይጥላሉ፤ ክሩ ራሱ ወንፊቷን ይደፍናል። ታንኩ ከሩብ በታች አይውረድ፤ ማታም ጎዶሎ አይደር፣ በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ብርድ ውኃ ይሆናል። ላምባ የገባበት ሞተር ላይ የዘይቱ ልክም ይታይ። ያልተቃጠለ ላምባ ሲሊንደሩን እያጠበ ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ፣ ዘይቱ መቀነስ ሲገባው ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ኪሎ ሜትሩ ሳይጠበቅ መቀየር አለበት። እኔ የዘይት መቀየሪያውን ከ3,000 ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር አውርጄዋለሁ።

ዲቲዋም ቆሻሻ ትጠጣለች፤ ላምባ ለእሷም አይስማማም፣ ካንዴላዋን ያጠቁራል፣ ዳገት ላይ ያንኳኳታል። ልዩነቱ ስትታመም የሚያስፈልገው መድኃኒት ነው። ከታንኩ ሥር ያለው መክፈቻ ይዘጋል፤ በካቻቢቴ አራት ቡሎን ተፈትቶ የካርቡራተሩ የታችኛው ኩባያ ይወርዳል፤ ውኃውና ደለሉ ይደፋል፤ ነዳጅ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች ወጥተው በአፍ ወይም በጎማ መንፊያ ይነፋሉ። ሽቦ አይገባባቸውም፤ ቀዳዳው ከሰፋ ነዳጅ ይበዛል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ያችኛዋ የላስቲክ ፊልትሮም እዚህ በቦታዋ ናት፤ ቡናማ ስትሆን ትቀየራለች፣ አለቀ። ካንዴላው ብልጭታውን የሚያገኘው ከራሷ ዲናሞ ስለሆነ ዲቲ ባትሪ ባይኖራትም ትነሳለች። አዲሱን ገፍቶ ማስነሳት የሚቻለው ግን ባትሪው ፓምፑን የሚያዞርበት ጉልበት ከተረፈው ብቻ ነው።

ፍርዴ እንዳያደላ የአዲሱን አንድ መልካም ነገር ልናገር፤ በእውነት ያስገረመኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ነዳጁ ግን በካርቡራተር እንደዚያው ስለሚመጣ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጉልበት ይጠፋል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ድልድዩ ጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ስለሚደረስ ሁሉም ይገለበጣል። አዲሱ ሞተር የአየሩን ግፊት ራሱ እየለካ ነዳጁን ይመጥናል፤ ታችም ላይም ድምፁ አንድ ነው፤ ጮቄ ሥርም ጠዋት ያለችግር ይነሳል። ዲቲ ይህን የምታገኘው በእጅ ነው። ለደጋ የካርቡራተሩ መርፌ ላይ ያለችው ቅንጥብ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ወደ በረሃ ለሚወርድ ትመለሳለች፤ ካልተመለሰች ነዳጁ ያንስና ፒስተኑ ይይዛል። ቁልቁለቱም የራሱ ጠንቅ አለው። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ነዳጁ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት ከወረደ ዘይት አይደርሰውም፤ ፍሪሲዮን እየተያዘ በየጥቂቱ ነዳጅ ሰጥ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲሱ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

በነዳጅም ይበልጣታል። ዲቲ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ አዲሱ 42። በ11,300 ኪሎ ሜትር የ452 እና የ269 ሊትር ልዩነት ማለት ነው፤ 183 ሊትር ተርፏል፣ የሁለት ስትሮክ ዘይቷን ሳይጨምር። ሻጩ የሚምልበት ይህ ቁጥር ትክክል ነው። ከቁጥሩ ላይ ግን የፓምፑ ዋጋ፣ የመጫኛው፣ የ16 ቀኑ ሥራ ይቀነስ። እኔ ቀንሼ አይቼዋለሁ፤ የተረፈ የለም።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ የቢቸና አካባቢ ዋልካ ፈረደ። የአዲሱ የፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ከጎማው ጋር ሊነካካ የቀረበ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል፤ መቶ ሜትር ሳይሄድ የፊት እግሩ መዞር ያቆማል፣ ሞተሩ በቆመ ጎማ ይንሸራተታል። በእንጨት እየተቆፈረ ይወጣል፤ ሃምሳ ሜትር ላይ ያው ነው። ከታች ያለውን ፓራፋንጎ ፈትቶ መሄድ ይቻላል፤ ያኔ ጭቃው ወደ ነጂው ፊትና ወደ ሞተሩ ይረጫል። የዲቲ ፓራፋንጎ ከፍ ብሎ ከመሪው ሥር የተሰቀለ፣ የፊት ጎማዋም 21 ኢንች ስለሆነ ጭቃው ራሱ እየተላጠ ይወድቃል። ዲቲን የሠሩት ሰዎች ጭቃ ያውቃሉ።

አስፋልት ዳር ለሚኖር፣ ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለሚመላለስ፣ ከማደያ ለሚቀዳ ሰው አዲሱን ውሰድ እለዋለሁ፤ አይጸጸትም። ከአስፋልቱ ለሚወጣ ግን አሮጌዋን አሳልፎ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። ሻጩ ለዲቲ የሚቆርጠው ዋጋ የብረቷ ዋጋ ነው፤ እኔ የምቆጥርላት ቆሻሻ ቤንዚን ይዛ ከሞጣ መመለሷን ነው።

አዲሱ ለአስፋልት ይቆያል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለዲቲ ነው። እግር ሲረግጣት ድሮ የነበረው ግፊት ቀንሷል፤ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ፣ ማለትም የሚላግበት ማሽን ቤት ይገባል። የሲሊንደሩ ስፋት የፋብሪካ ልክ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንደኛው የፒስተን ማሳደጊያ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ሳይገዛ ሲሊንደሩ አይላግም፤ የሚላገው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነው። ከተላገ በኋላ የሲሊንደሩ መስኮቶች ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ስለት ሆኖ ከቀረ አዲሱን የፒስተን ቀለበት ይሰብረዋል። የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ያለ ጭነትና ያለ ሙሉ ነዳጅ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሥራው ሐምሌ ሳይገባ ማለቅ አለበት፣ የቢቸና መንገድ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሞተር የማይሆን ነውና።