የቮልስ ዘመን ቁልፎች ኮሮላ ላይ፦ ከወራት በኋላ

ባሕር ዳር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲጠግኑ ከኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው ይህን የመፍቻ ቁልፎች ሳጥን የገዛሁት። አብዛኞቹ የጀርመን ጌዶሬ ቁልፎች ናቸው። የብረቱን ዓይነት የሚናገረው «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ዋጋቸው ከአዲስ ርካሽ ሳጥን ትንሽ በለጥ ይላል። ክረምቱንም በጋውንም የራሴን ኮሮላ ስፈታበትና ሳስርበት ከርሜያለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የቁልፍ ነገር አፉ ላይ ነው ያለው። ዳዶውን ጥብቅ አድርጎ ካልያዘ ማዕዘኑን ይበላዋል፣ ክብ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁ መሮና መዶሻ ነው። ከዚህ በፊት የነበረኝ አዲስ ስብስብ ጠንከር ብዬ ስገፋው አፉ ይከፈት ነበር። የኋላ ሾኩን የታች ዳዶ ግን፣ ጭቃና ዝገት አንድ ላይ በየደው እስኪመስል ይዞት የነበረውን፣ አሮጌው 17 ቁጥር ቁልፍ በቀለበቱ በኩል ይዞ፣ ናፍታ አርከፍክፌበት አድሮ፣ አንድም ማዕዘን ሳይነካ ፈታልኝ። በጣም ነው የወደድኩት።

ጉድለት አላቸው ወይ? አዎ። ሳጥኑ የቮልስ ሳጥን ነው። የጀርመን መኪና ላይ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ጭንቅላቱ 13 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚወስደው፣ ቶዮታ ላይ 12። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ እዚያ 17፣ እዚህ 14። ስለዚህ 13 ተትረፍርፎልኝ የ12 እና የ14 ቀለበት ቁልፍ ለብቻ ፈልጌ መግዛት ነበረብኝ። ባለ መስቀሉን የጀርመን ካቻቢቴም ለጃፓን መኪና አልመክርም፤ ጫፉ በደንብ አይገጥምም፣ ተንሸራቶ እየወጣ ቪቴውን ያበላሸዋል።

ሌላው ዝገት ነው። ክሮሙ የተላጠበት ቦታ በክረምት፣ ለሐይቁ ቅርብ ለሆንን ሰዎች፣ ቶሎ ይቀላል። የተላጠው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፣ ስለዚህ በብረት ብሩሽ አጽድቼዋለሁ። አሁን ከሥራ በኋላ ዘይት በነካው ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ፣ ይበቃቸዋል።

ሁሉም አሮጌ ነገር ይገዛ እያልኩ አይደለም። ክሪክ አሮጌ አትግዙ፤ ጎሚኒው ደርቆ ዘይት የሚያሳልፍ ክሪክ ሥር መግባት ሕይወት ነው የሚያስከፍለው። ልክ እያሳየ የሚያጠብቀውን ቶርክ ሬንችም እንዲሁ፣ ስፕሪንጉ ከደከመ ቁጥሩ ይዋሻል። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ ነው የሚለው ፋብሪካው፣ ያንን በግምት አላደርገውም። ለእሱ አዲስ ገዝቻለሁ።

ልትገዙ ስትሄዱ በየቁጥሩ አዲስ ዳዶ ኪሳችሁ ያዙ። ቁልፉን ዳዶው ላይ አስገቡና ወዲህ ወዲያ ነቅንቁት። ከተንገዋለለ አፉ ሰፍቷል፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን ተዉት። ከእኔ ሳጥን 22 ቁጥሩ ቁልፍ እንዲህ ነበር፣ ለይቼ ለአዛውንቱ መለስኩላቸው፣ እሳቸውም ዋጋውን ቀነሱልኝ።