ቫኒላ ፕሮቲን ከነባች ቁጥሩ፦ ሦስት ኮከብ ተኩል

ከፕሮቲን ዱቄቱ ጣዕም ልጀምር። ማሸጊያው ላይ ቫኒላ ይላል። ቫኒላ አይደለም። የቆየ የዱቄት ወተት ላይ ስኳር የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። በቀዝቃዛ ውሃ ከመታችሁት ይጓጉላል፣ የጓጎለው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ማሸት፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን መጨመር ነው መላው። 900 ግራም ነው፤ በቀን አንድ ማንኪያ ለ30 ቀን ይበቃል። ሆድ አይነፋም። እሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የበፊቱ ዱቄት ያዋረደኝን እኔና የጂም ጓደኞቼ ነን የምናውቀው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያማረርኩ ለምን ሁለተኛ ገዛሁ? ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ ምልክት ምክንያት። ኢንፎርምድ ስፖርት ትላለች፤ ስፖርት ላይ ለተከለከሉ ነገሮች ተመርምሯል ማለት ነው።

ለንደን ነው የምኖረው። ቀን አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ ማታ ቦክስ እለማመዳለሁ። በአማተርነት ተመዝግቤያለሁ፣ ስለዚህ የዶፒንግ፣ ማለትም የአበረታች ቅመም፣ ደንቡ እኔንም ይመለከተኛል። እኔን የመሰለ ጀማሪ ሽንት ስጪ መባሉ ብርቅ ነው። ደንቡ ግን ሚሊየነር፣ ጀማሪ አይልም፤ ሰውነትሽ ውስጥ የተገኘው ነገር ያንቺ ነው። «አላወቅኩም» ማለት ቅጣቱን ቢያቀልልሽ ነው እንጂ ከነገሩ አያወጣሽም።

አንድ ክረምት ሌላ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ ክብደት መጨመር እንደምፈልግ ስነግረው ከባንኮኒው ስር ማንጠባጠቢያ ያላት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ኦስታሪን፤ ጡንቻ ይገነባል የሚባል፣ ስፖርት ላይ የተከለከለ ነገር። «ሁሉም የሚወስደው ነው» አለኝ። ገልብጬ ሳነብ «ለምርምር ብቻ» ይላል። እና እኔ ምንድን ነኝ፣ አይጥ? ይህን ነገር በመድኃኒትነት የፈቀደ አገር የለም። መልሼለት ወጣሁ። ስሙ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2024 ቦክሰኛው ራያን ጋርሲያ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ላይ ተጋጣሚውን ዴቪን ሄኒን ሦስት ጊዜ መሬት ሲያስነካው ሌሊት ተነስቼ አይቻለሁ። ጮኼ ጎረቤት ቀስቅሻለሁ። በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ፤ ኦስታሪን! ጠበቆቹ የተበከለ ሰፕልመንት ነው አሉ። መጠኑ በናኖግራም የሚቆጠር ነበር፣ ማለትም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ። ድሉ ተሰረዘ፣ አንድ ዓመት ታገደ፣ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ክፍያውንም አጣ። ሆን ብሎ ይሁን በስህተት እኔ አልፈርድም።

ከዚያ በፊት እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ኮነር ቤን አለ። የሱ ለእኔ የግል ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2022 ከክሪስ ዩባንክ ጁኒየር ጋር ሊገጥም ለነበረው ውጊያ ትኬት ቆርጬ ነበር። አባቶቻቸው ሁለት ጊዜ ተፋልመዋል፣ ከተማው በሙሉ ስለሱ ነበር የሚያወራው። ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ቤን ላይ ክሎሚፊን ተገኘ፤ ሴቶች ለመውለድ ሲቸገሩ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ወንድ ላይ ቴስቶስትሮን ይጨምራል። በቀጣዩ ዓመት ደብሊውቢሲ (የዓለም ቦክስ ምክር ቤት) ለመድኃኒቱ መገኘት እንቁላል በብዛት መብላቱ ምክንያታዊ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል አለ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ውጊያው ሊካሄድበት እስከነበረው ኦቱ አሬና ድረስ እንደሚሄድ ግን አላውቅም ነበር። ለፍትህ ያህል፣ ጉዳዩን ያየው ፓነል እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ጥፋቱ አልተረጋገጠም ብሎ ለቆታል። የትኬቴም ገንዘብ ተመልሷል። የገዛሁት አዲስ ቀሚስ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ዱቄቱ ለምን እንደሚሻል ላሳያችሁ። የኢንፎርምድ ስፖርት ምልክት ያለበት ዕቃ እያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር የተመረተው ዕቃ) ገበያ ከመውጣቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል። ድረ ገጻቸው ላይ የዕቃውን ስም ትፈልጋላችሁ፣ የተመረመሩት ባቾች ይዘረዘራሉ፣ የራሳችሁን ቁጥር ታመሳክራላችሁ። ነጻ ነው። የኔ ቁጥር የተጻፈው ከሥሩ ነው፣ ቀለሙም ለቋል። የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ዕቃውን ደፍቼ፣ የመጨረሻዋ 3 ትሁን 8 ሩብ ሰዓት ተከራከርኩ። በ3 የሚያልቅ ባች ዝርዝሩ ላይ የለም። ልቤ ቆመ። በ8 የሚያልቀው አለ፣ ተመርምሯል። ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህች ቀለም ነው። አንዷን ኮከብ ጣዕሙ ወስዷታል።

ምልክቱ ከሌለው ዱቄት ይልቅ ዋጋው ይወደዳል፣ እኔ በምገዛበት ሱቅ 11 ፓውንድ ልዩነት አለው። ምልክቱ ሁሉን ነገር ይከላከላል ማለትም አይደለም፤ የሚነግራችሁ ያ ባች በሚፈልጓቸው ነገሮች ተመርምሮ ማለፉን ነው። የሥጋ ቤት ሥጋ ደግሞ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ካኔሎ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሌንቡቴሮል (አንዳንዶች ከብት ለማድለብ የሚሰጡት የተከለከለ መድኃኒት) ሲገኝበት የሜክሲኮ ሥጋ ነው አለ፤ ከጎሎቭኪን ጋር ሊያደርገው የነበረው የግንቦቱ ውጊያ ቀረ፣ ስድስት ወር ታገደ። ሥጋ ቤት ገብታችሁ «የዚህ ኪሎ ቁጥር ስንት ነው?» ብላችሁ ሞክሩ እስቲ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት አበረታች ቅመም የሚለው ላይ አስቆመችኝ።

«ቅመም? ኮረሪማም ከለከሏችሁ?»

«አይ እማዬ፣ መድኃኒት ነው።»

«ታዲያ መድኃኒት አይሉትም!»

ከደብረ ብርሃን በሶ ልካልኝ ነበር፣ የራሷ የተቆላ ገብስ፣ በሁለት ፌስታል የታሰረ። በማር በጥብጬው እጠጣለሁ፣ ከዚህ ቫኒላ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ነውር ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያዬ በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ለቀልድ ያህል ባች ቁጥሩን ጠየቅኳት።

«ቁጥሩ የኔ ስልክ ነው» አለች። «ምንም ከሆንሽ ደውይ።»