ትንሽ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ስኬጁሉን እዩ

ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ተማሪ ብቻ ያለው፣ ተማሪው ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ «ስሙ ይታወቃል ወይ?» የሚል ነው። ጨርሶ ለወጣ ሰው ግን ከስሙ ይልቅ የሚቀድመው ዲፓርትመንቱ ስንት መምህር አለው የሚለው ነው። የዚህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ጥሩውም ክፉውም የሚመነጨው ከዚያው ከቁጥሩ ማነስ ነውና።

ከጥሩው እንጀምር። ክፍል ውስጥ ያሉት ስምንት ወይም አሥር ተማሪዎች ናቸው፤ ወንበሩ ክብ ሠርቶ ስለሚደረደር የኋላ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ 40 ገጽ ንባብ ከተሰጠ ረቡዕ መምህሩ ጥያቄውን ወርወር አድርጎ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም በስም ይጠራል። ሳያነቡ መግባት የሚያዋጣው ቢበዛ አንድ ሁለቴ ነው። የጽሑፍ ሥራውን የሚያርመውም ብዙውን ጊዜ ረዳት ሳይሆን ራሱ መምህሩ ነው፤ ኅዳጉ ላይ «ይህ ማስረጃ ከድምዳሜህ ጋር አይገናኝም» ብሎ ጽፎ ይመልሰዋል፣ ተማሪውም አስተካክሎ ደግሞ ያስገባል። ለዓይን አፋር ተማሪ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ነው፤ ተሳትፎ ራሱ ነጥብ ስላለው ዝም ብሎ ማለፍ ያስከፍላል።

የዚህ ድካም ፍሬ የሚለቀመው ለማስተርስ ሲያመለክቱ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። «ኤ አግኝቷል፣ ትጉህ ነው» የሚል ደብዳቤ ባይላክም አይጎዳም። ሦስት ኮርስ ያስተማረና ቴሲስ ያማከረ መምህር ግን ተማሪው የትኛው ምዕራፍ ላይ ተጣብቆ እንደነበርና በምን ዘዴ እንደወጣው ይጽፋል። ደብዳቤውን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ሲቪያችሁን፣ ለዚያ መምህር የሠራችሁትን ምርጥ ወረቀት፣ የማመልከቻ ጽሑፋችሁን ረቂቅና የየዩኒቨርሲቲውን የመዝጊያ ቀን አንድ ላይ አድርጋችሁ ላኩለት። በአጭር ኮንትራት የተቀጠሩ መምህራን ቶሎ ይለቃሉ፤ ሲለቁ የተቋሙ ኢሜይላቸው ስለሚዘጋ የግል አድራሻቸውን አስቀድሞ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ክፉው። ካታሎጉ ላይ የተዘረዘረው ኮርስ ሁሉ የሚሰጥ ይመስላል፤ አይሰጥም። አራት ቋሚ መምህር ያለው ዲፓርትመንት በየሴሚስተሩ ሊከፍት የሚችለው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኮርስ ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ግማሹን የሚወስዱት የአንደኛ ዓመት መግቢያ ኮርሶች ናቸው። ከፍ ያሉት በዙር፣ አንዳንዶቹም በየሁለት ዓመቱ ይሰጣሉ። አንዱ መምህር ለምርምር እረፍት ከወጣ ዙሩ ይዛባል። ለኮርሱ የተመዘገበው ተማሪ ከተወሰነው ቁጥር ካነሰም በአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መጣል በሚፈቀድበት) ሳምንት ሊሰረዝ ይችላል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች ስኬጁል ጠይቁና ከካታሎጉ ጋር አስተያዩት። በትክክል የተከፈቱትን ምልክት አድርጉባቸው። ቀጥሎ ሰንሰለቱን ተመልከቱ፦ ለምሳሌ ስታቲስቲክስ ሳያልፉ ኢኮኖሜትሪክስ አይወሰድም፣ ያለ ኢኮኖሜትሪክስ ደግሞ ቴሲስ አይጀመርም። ኢኮኖሜትሪክስ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ስታቲስቲክስ ላይ የወደቀ ተማሪ ያጣው አንድ ሴሚስተር ሳይሆን እስከ ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። ቢሮው የሚሰጠው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ «ከመምህሩ ጋር በግል አጥናው» የሚል ነው። ክሬዲቱ ይቆጠራል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን «የግል ጥናት» ተብሎ ብቻ ከወጣ የማስተርስ ቅበላ ኮሚቴ ኢኮኖሜትሪክስ መሆኑን በምን ያውቃል? የኮርሱ ርዕስ እንዲጻፍና ሲላበሱ (የኮርሱ ዝርዝር ይዘት) ሬጅስትራር ዘንድ እንዲቀመጥ ከመጀመራችሁ በፊት አስፈርሙ።

ስኮላርሺፕ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሂሳቡን ሥሩት። እኩል ክሬዲት ካላቸው አምስት ኮርሶች በአራቱ ቢ፣ በአንዱ ሲ ያገኘ ተማሪ ጂፒኤው 2.8 ነው። ስኮላርሺፑ 3.0 የሚጠይቅ ከሆነ በአንድ ሲ ብቻ ወደቀ ማለት ነው። የሚለካው በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በድምር? ማስጠንቀቂያ ሴሚስተር አለ? በከርቭ፣ ማለትም ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በማወዳደር የሚሰጥ ግሬድ አለ? ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ከርቭ ፍርደ ገምድል ነው፤ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ አንዱ መጨረሻ ይሆናል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ስለ ዓለም አቀፍነቱ ብዙ ስለሚወራ አጠር እናድርገው። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ መቀላቀሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ካልኩለስን ሁለት ዓመት የተማረና ስሙን ገና የሚሰማ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የምደባ ፈተና የሌለው ዩኒቨርሲቲ ለሁለቱም አይሆንም።

የዲግሪው ተቀባይነት ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር፣ በኢሲቲኤስ፣ አንድ ዓመት 60 ክሬዲት፣ የሦስት ዓመት ባችለር 180 ነው፤ የአሜሪካ ባችለር በተለምዶ 120 ክሬዲት ሰዓት በአራት ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት የአውሮፓ ክሬዲት እንደ አንድ የአሜሪካ ስለሚታሰብ 180ው ወደ 90 ይወርዳል፤ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ለማስተርስ የማይቀበሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት ለዚህ ነው። እውቅናውንም ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ሳይሆን እውቅናውን ከሰጠው አካል ዝርዝር ላይ ፈልጉት።

ትንሽ ተቋም ይነቃነቃል። በጀርመን ብሬመን ያለው ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ብሬመን በ2007 ያኮብስ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ ኮንስትራክተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ ከሃንጋሪ መንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ2019 ትምህርቱን ከቡዳፔስት ወደ ቪየና ማዛወር ጀመረ። በሲንጋፖር ዬል-ኤንዩኤስ ኮሌጅ እንደሚዘጋ በ2021 ተነገረ፤ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች በ2025 ተመረቁ። የዚህ ኮሌጅ ተመራቂዎች ዲግሪያቸውን የሚሰጣቸው የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ማኅተሙ ከኮሌጁ ጋር አልጠፋም። እናንተም ጠይቁ፦ ዲግሪውን የሚሰጠው ማነው? ተቋሙ ቢዘጋ የጀመሩት ተማሪዎች የት ይጨርሳሉ? ፋይሉስ የት ይቀመጣል?

ሬጅስትራር ቢሮ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቦታ ብዙ ነው። እሱ ፈቃድ ሲወጣ ትራንስክሪፕት አይወጣም። ስትመረቁ አምስት ያህል የታሸገ ቅጂ ውሰዱ፤ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ዲግሪ የሚመዝኑ ተቋማት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ድረ ገጹ ደግሞ በየዓመቱ ይቀየራል። ዶርሙ በእረፍት ጊዜ ይዘጋ እንደሆነም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ማንበብና መከራከር ለሚወድ፣ ፍላጎቱን ለለየ ተማሪ ይህ ትምህርት ከብዙ ትልልቅ ስሞች ይበልጣል። ውድ ላቦራቶሪ የሚፈልግ ምህንድስና ለሚያጠና ወይም ሜጀሩን ሦስቴ ሊቀይር ለሚችል አይመከርም። ለመወሰን ካመነታችሁ ከቅበላ ክፍሉ ይልቅ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አግኙና ይህን ብቻ ጠይቁት፦ «መውሰድ ፈልገህ እስካሁን ያልተከፈተልህ ኮርስ የትኛው ነው?»