ፍሌቸርስ ኮቭ፦ ለሻድ ጀልባ መከራየት ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ግን ወንዙን አይቶ ለሚሄድ ሰው። ከጆርጅታውን ወደ ቼይን ብሪጅ በሚወስደው ካናል ሮድ ዳር ያለው ይህ የጀልባ ኪራይ ቤት በሚያዝያ ወር ዋሽንግተን ውስጥ አቻ የለውም። ምስጢሩ ቦታው ነው። ሻድ የሚባለው ዓሣ ከአትላንቲክ ተነሥቶ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ሲወጣ፣ የባሕሩ ሙላት (በየቀኑ ውሃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) ከሚያበቃበት ከሊትል ፎልስ ፏፏቴ በታች ባለው ጠባብና ጥልቅ የፖቶማክ ወንዝ ክፍል ማለፍ ግድ ይለዋል። ጥቂት የቀዘፈ ሰው መንገዱ ላይ ቁጭ ይላል። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ከጣና ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ከሚጠመዱት ሁለት የሻድ ዓይነቶች ሂከሪ ሻድ ቀድሞ ይመጣል፤ በመጋቢት መጨረሻ ይጀምራል። ትልቁ አሜሪካን ሻድ ሚያዝያን ይዞ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይዘልቃል። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ቡና ከመሰለ ገንዘብ አታባክኑ፤ ዓሣው ማጥመጃውን አያየውም። ወንዙ በዝናብ ሲጎርፍ ጀልባም አይከራይም፤ ስለዚህ የሊትል ፎልስን የውሃ ከፍታ በኢንተርኔት አይቶ፣ ደውሎ መሄድ ይሻላል።

የቦታው ትልቁ ጉድለት የጀልባ መግቢያው በደለል መሞላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፍሳሽ መስመር ሲቀበር የተደፋው አፈር የወንዙን ፍሰት ስላዛባው ደለሉ እዚያው ይከማቻል። ዋሽንግተን ላይ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ሲጎድል መግቢያው ጭቃ ይሆናል፣ ጀልባም ይይዛል። መውጫና መመለሻችሁን በሙላቱ ሰዓት አስሉ።

መልህቁን ምንጊዜም ከጀልባው አፍንጫ እሰሩ። ከኋላ የታሰረ ጀልባ ወራጁ ሲገፋው ጀርባው ይሰምጥና ውሃ ይገባዋል። ገመዱ ከጥልቀቱ ብዙ እጥፍ ካልረዘመ መልህቁ ይንሸራተታል። ድንጋይ ውስጥ ከተቀረቀረ በጎን አትጎትቱት፤ ከመልህቁ በላይ ቀዝፋችሁ ንቀሉት፣ እምቢ ካለ ገመዱን ቁረጡት። ቢላ ቅርብ ይሁን። የሚያዝያ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ወንበር ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ለማጥመጃ ቀላል ዘንግና ከ4 እስከ 8 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል። የሻድ ዳርት የምትባለው ፊቷ ሰያፍ የተቆረጠ፣ ጭራዋ ጸጉር የሆነ ትንሽ እርሳስ ናት። 7 ግራም የምትመዝነውን እሰሩና ከኋላዋ በ50 ሳንቲሜትር ክር ቀጭን የብረት ማንኪያ ቀጥሉ። ወራጁን አቋርጣችሁ ወርውሩ፣ ቁጥር እየቆጠራችሁ አስምጡ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ ጠቅልሉ። ዓሣ ካልነካው በሚቀጥለው ውርወራ ሁለት ሦስት ቁጥር ጨምሩ። ብዙ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው ዓሣው ታች ሆኖ ማጥመጃው ላይ ላይ ስለሚሄድ ነው። ሙላት ገብቶ ወራጁ ሲደክም ወደ 3.5 ግራም ውረዱ፤ ሲጎድልና ውሃው ሲፈጥን ወደ ከባዱ ተመለሱ። ንጋትና ምሽት፣ ወይም ደመናማ ቀን፣ ከቀትር ፀሐይ ይሻላል።

የሻድ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ሲይዝ ዘንጉን ነጥቆ መሳብ አፉን ቀድዶ መንጠቆውን ማውጣት ነው። የክር መጠቅለያው ፍሬን ክሩ በእጅ ቀስ ተደርጎ ሲሳብ የሚለቅ ይሁን፤ ዓሣውን ጀልባው አጠገብ በመረብ አንሡት።

አሁን መለየቱ። አፉን ዘግታችሁ ከጎን እዩት። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አልፎ ወደፊት ከወጣ ሂከሪ ነው፤ ሁለቱ ገጥመው ከተዘጉ አሜሪካን ሻድ ነው። በክብደት ብቻ አትፍረዱ፤ ሂከሪ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ በታች ቢሆንም ወጣት አሜሪካን ሻድም እዚያው ይገኛል። ከጀርባ ክንፉ መጨረሻ ረጅም ክር የተንጠለጠለ፣ አፍንጫው ደነዝ ያለ ከሆነ ጊዛርድ ሻድ ነው፤ ዳርት ላይ ብዙውን ጊዜ በጎኑ ተጠልፎ ነው የሚመጣ። የሁሉም ሆድ እንደ መጋዝ ይሻክራል፣ ስለዚህ በዚያ መለየት አይቻልም።

አሜሪካን ሻድም ሂከሪም እዚህ መውሰድ ክልክል ነው፤ ሁለቱም ይለቀቃሉ። ዓሣው ከመመናመኑ የተነሣ ፖቶማክ ላይ ማጥመዱ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘግቶ ነበር፤ ከ1995 ጀምሮ እጭ እየተፈለፈለ ወንዙ ውስጥ ስለተለቀቀና በ2000 የሊትል ፎልስ ግድብ የዓሣ ማለፊያ ስለተሠራለት ነው ያገገመው። ወቅቱ ከሁዳዴ ጋር መጋጠሙ እንግዲህ ለጾመኛ አያስቸግርም። እጅን አርጥቦ መያዝ፣ መንጠቆውን ጥርሱን ደፍጥጦ መጠቀም፣ ለፎቶ ብሎ ከውሃ ውጭ አለማቆየት። ቅርፊቱ በደረቅ እጅ እፍኝ እፍኝ ይረግፋል። ከ16 እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው የዲሲ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳር ድረስ የዲሲ ስለሆነ የቨርጂኒያው አይተካውም።

ጀልባ ባይገኝ ከዳር መወርወር ይቻላል፤ ሂከሪ ይገኝበታል፣ ለትልቁ ግን ጥልቁ መስመር ይርቃል። መኪና ማቆሚያው ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ይሞላል። በሥራ ቀን ደግሞ ካናል ሮድ ጠዋት ወደ ከተማ ብቻ፣ ማታ ወደ ውጭ ብቻ ስለሚሆን፣ ከጆርጅታውን በኩል የሚመጣ ሰው የጠዋቱ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢነሣ ይሻለዋል።