ፍርድ ቤት ደጃፍ ላሉት ማመልከቻ ጸሐፊ

ድሬዎች፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ከምትለጥፊ ሰው ላኪልኝ» ብለውኛል።

የአክስቴ ባል ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ነው፣ ለገሃር ወርክሾፕ ውስጥ። አምና አረፉ። በሕጉ ለሚስት የሚደርሳት የጡረታ አበሉ 50 በመቶ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን አክስቴ ሌላ ገቢ የላትም። ጆሮዋም ስለደከመ ስልኩ የኔ ዕጣ ሆነ።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። አምስት ወር ደወልኩ። «እባክዎ መስመሩ ላይ ይጠብቁ» ትልና ሙዚቃ። ሙዚቃው ሳያልቅ ካርዴ ያልቃል። ሲነሳም ወይ ሲስተም የለም፣ ወይ ፋይሉን የያዘችው ልጅ ስብሰባ ናት። አንዱ «ባለጉዳይዋ ራሷ ታናግረን» አለኝና ሰጠኋት። «አቤት? አቤት?» ስትል ዘጉባት።

ችግሩን የነገሩኝ በአምስተኛው ወር ነው። የጋብቻ ወረቀቷ ላይ ስሟ በጸሎቱ ጸ ተጽፏል፣ ባሏ ፋይል ላይ ደግሞ በፀሐዩ ፀ። ለኮምፒውተሩ ሰውዬው ሁለት ሚስት ነበራቸው ማለት ነው። አክስቴ ስትሰማ «አቦ! ሳላውቅባቸው ቀበርኳቸዋ!» ብላ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ጎረቤት ጠቁሞን ከሳቢያን በባጃጅ ሄድን። ጋሼ ጃንጥላቸው ሥር ናቸው። ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጡ። ሁለቱን ፊደሎች በእርሳስ ከበቧቸው። «ልጄ፣ አምስት ወር ያወራሽው የትም አልተጻፈም» አሉኝ። ተቆጡኝ ማለት ይቻላል።

ሁለቱም አጻጻፍ የእሷ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንድናመጣ ላኩን። ከዚያ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፤ እንባ የለበት፣ ልመና የለበት፣ የፋይል ቁጥሩ ከላይ። በአደራ ፖስታ ላክነው። ደረሰኙን እንዳልጥል ሦስቴ ነገሩኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በኔ ስልክ ራሳቸው ደወሉ። የት ደረሰ ብለው አልጠየቁም። «መዝገብ ቤት አገናኙኝ። የገቢ ቁጥሩ ስንት ነው? ለማን ተመራ? የእርስዎን ስም ማን ብዬ ልጻፍ?» መልሱን ሁሉ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉት። ስሟን ስትጠየቅ የልጅቷ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፤ ያን ሁሉ ወር «ቆይ» ብቻ የማውቃት ልጅ «እሺ አባቴ» አለች።

በወሩ ውዝፉ ሁሉ ገባ። ለጽሑፉ 200 ብር ተቀበሉኝ። ለስልኩ ልጨምር ስል «ካርዱ ያንቺ አይደል እንዴ?» አሉና መለሱልኝ።

የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ። ከስድስት ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ናቸው፣ አይገኙም። ኮፒውን ቤታችሁ አካባቢ አንሱና ሂዱ፤ እዚያ መብራት ከጠፋ ፎቶ ኮፒ የለም፣ እሳቸው ደግሞ ዋናውን ወረቀት በፍጹም አይቀበሉም።