ለጎፋው መካኒክ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ። መኪናዬ በእርግጥ መስተካከሏን ሳላረጋግጥ ሰው መጠቆም አልፈለግኩም። አሁን አረጋግጫለሁ።

የምነዳው ቪትዝ ነው። ቤቴ ጀሞ፣ ሥራዬ አራት ኪሎ። ልጆቼን በመንገዴ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። በ2014 ክረምት ቤንዚን ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ፣ ቤት ውስጥ "በዚህ ዋጋማ መኪና አይነዳም" ተባብለን ነበር። ከዚያ ድጎማው ቀስ በቀስ ተነሳ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ 112 ብር ከ67 ገባ። መኪናውን ማቆም አልቻልኩም። ሁለት ልጅ ይዞ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል ነው። ያኔ በጣም አማርሬ ነበር፤ ግን በአንድ ነገር ጠቅሞኛል። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የቴሌብር መልእክቶቼን ደመርኩ። በወር 80 ሊትር ገደማ ቀድቻለሁ። የተጓዝኩት ደግሞ 720 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር ዘጠኝ ማለት ነው። ቪትዝ እንዲህ አትጠጣም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ገና ከማየታቸው "ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) በሙሉ ይቀየር" አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው ትዝ ያለኝ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። የቢሮ ባልደረባዬ ናት ጎፋ ያሉትን ጋሼን የጠቆመችኝ።

ቦታው ታፔላ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ረዳት ልጅ፣ በስርዓት የተደረደረ መፍቻ። ጋሼ ኮፈኑን አልከፈቱም። መጀመሪያ ጠየቁኝ።

"ጠዋት ስታስነሺያት ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ መብራት ትበራለች አይደል? የት ስትደርሺ ነው የምትጠፋው?"

በሕይወቴ ልብ ብዬው አላውቅም። ሳስታውሰው ግን ሳር ቤት ስደርስም በርታ አያታለሁ። እንደዚያው ነገርኳቸው።

"ቁልቁለት ስትወርጂስ ተመልሳ ትበራለች?"

"አዎ፣ አንዳንዴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቴርሞስታቷን አውጥተውልሻል ልጄ።"

እውነት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ዘይት መንገድ ላይ መኪናዋ ሂት አድርጋ (ሞተሯ ከልክ በላይ ሞቆ)፣ አንድ ሌላ መካኒክ ሠርቶልኝ ነበር። ያኔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። እዚህ አገር ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሞተሩ እንዳይሞቅ ተብሎ ይወጣል፤ ባለመኪናው ሳይነገረው ይቀራል። ጋሼ እንዳስረዱኝ ያ ክፍል ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል። ሲወጣ ውሃው ሁልጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩም እንደልቡ አይሞቅም፤ ሰማያዊዋ መብራት ሳትጠፋ የምትቆየውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ መኪናዋ ገና አሁን የተነሳች ይመስለውና ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ አለ።

"ድስቱን ሳትከድኚ ባቄላ ብትቀቅዪ ስንት ከሰል ይፈጅብሻል?" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልፈለግኩም።

ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው ዋጋ ሊጨምሩብኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የሞተሩን ዓይነትና ቴርሞስታቱ የሚከፈትበትን ሙቀት፣ "82 ዲግሪ" ብለው፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው "ሱማሌ ተራ ሂጂና ራስሽ ግዢ፤ ደረሰኝሽን ያዢ" አሉኝ። ይዤ ስመለስ ወዲያው አልገጠሙትም። በጣሳ ውሃ ጥደው ቴርሞስታቱን ውስጡ ጨመሩት። ረዳታቸው "እትዬ፣ ይምጡ ይዩ" ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ውሃው መጨስ ሲጀምር፣ ሊፈላ ሲል፣ ያቺ ትንሽ ብረት መሃሏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ከውሃው ሲያወጧት መልሳ ተዘጋች። "ይኼ ይሠራል" አሉና ገጠሙት።

ሂት ያደረገችበትንም ምክንያት አልተዉትም። የራዲያተሩ ፋን አልፎ አልፎ ነው የሚዞረው፤ ሽቦው ተበልቷል። እሱን ቀጠሉ፤ ዝገት የሞላውን ውሃ አጥበው አውጥተው ኩላንት አስገቡ። የአየር ፊልትሮውን አራገፉ፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው አዩና "ገና ናቸው፣ አትቀይሪ" አሉኝ። የኋላ ኮፈኑን ሲከፍቱ ደግሞ ለውሃ መጥፋት ብዬ የማዞራቸውን ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች አገኙ። አርባ ኪሎ ማለት ነው። ወደ ጎሚስታ የላኩኝም እሳቸው ናቸው፤ 32 መሆን የነበረበት የጎማ ነፋስ 22 ላይ ነበር። ለዚህ ሁሉ የእጅ 1,500 ብር ተቀበሉኝ። ልጨምርላቸው ስል እጄን መለሱት።

በቀጣዩ ወር እንደገና ደመርኩ። ያው መንገድ፣ ያው ልጆች፣ ያው 720 ኪሎ ሜትር፤ 51 ሊትር። በሊትር አሥራ አራት ገብታለች። በወር ከ3,000 ብር በላይ ኪሴ ቀረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ወር እንደዚያው ነው።

ብዙ ሰው "ሽጪና ኤሌክትሪክ ግዢ" ይለኛል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ወደዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አቅሙ የለኝም። እንደኔ ያለው ሰው ያለውን አሠርቶ ነው የሚኖረው፤ ለዚህም ነው ታማኝ መካኒክ ማግኘት ትልቅ ነገር የሚሆነው።

የጋሼ የድስት ነገር ቤቴም ገብቷል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው፤ የካርድ ቆጣሪያችን ቶሎ ቶሎ ይጮህ ጀምሯል። ድሮ በሳምንት ሁለቴ ነበር የምንጋግረው። ምጣዱ ከቀዝቃዛ እስኪግል ብዙ መብራት ይበላል፤ ስለዚህ አሁን ሊጡን አብዝተን አንድ ጊዜ እንጋግራለን። የመጨረሻዋን እንጀራ ደግሞ ምጣዱን አጥፍተን በትርፉ ሙቀት እናበስላታለን።

የጋሼን ስልክ በይፋ አልለጥፍም፤ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆኑ እንዳይጨናነቁ ነው። በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ማየት ይፈልጋሉ። እሁድና በበዓል አይሠሩም። ከመሄዳችሁ በፊት መኪናችሁ በሊትር ስንት እንደምትሄድ ፉል አስሞልታችሁ ለኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ቪትዝ ወይም ያሪስ የምትነዱ ደግሞ ነገ ጠዋት ሰማያዊዋ መብራት የት እንደምትጠፋ እዩ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት ነግረውኛል። እጅዎ ይባረክ። የኔዋ አሁን ጀሞ አደባባይ ሳልደርስ ትጠፋለች።